ለምግብ ቤት ሠራተኞች የሚሰጥ የአንድ ቀን የጋዝ አደጋ ሥልጠና፦ ጠዋቱ ይበል የሚያሰኝ፣ ከሰዓቱ መታረም ያለበት

ይህ ግምገማ በአዲስ አበባ ለሆቴል፣ ለምግብ ቤትና ለካፌ ሠራተኞች ስለሚሰጥ የአንድ ቀን የጋዝ አደጋ ሥልጠና ነው። ሁለት አሠልጣኞች ዕቃቸውን ጭነው ሥራ ቦታው ድረስ ይመጣሉ፤ ከጠዋቱ 2:30 ጀምረው 10:30 ላይ ይጨርሳሉ። በአንድ ዙር ከ15 ሰው በላይ አይቀበሉም። ክፍያው በቡድን እንጂ በነፍስ ወከፍ አይደለም፤ ከ6 ወር በኋላ የሚደረግ አንድ ድንገተኛ ልምምድም በዋጋው ውስጥ አለ። ፍርዳችንን ከወዲሁ እናስቀምጥ፦ የጠዋቱ ክፍል ቡታጋዝ የሚያነድ ወጥ ቤት ሁሉ ሊያገኘው የሚገባ ነው። የከሰዓቱ የእሳት ልምምድ ግን ጠዋት እጅ የለመደውን መልሶ ያስረሳል።

ሥልጠናው እዚያው ሥራ ቦታ መሰጠቱ ትልቁ ጥንካሬው ነው። አዳራሽ ውስጥ በፕሮጀክተር የሚታየው ወጥ ቤት ንጹሕ፣ ሰፊ፣ የጋዝ መስመሩ በብረት ቧንቧ የተዘረጋ ነው። የእኛ አገር ወጥ ቤት ግን አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም፤ አንዱ ሲሊንደሩን ከምድጃው ሥር ያስቀምጣል፣ ሌላው ከግድግዳው ጀርባ፣ ሌላው ግቢ ውስጥ በፍርግርግ ቤት አራት አምስቱን አቀናጅቶ ያስራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የእግር ጉዞ ነው። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ሦስት ነገር በእጁ መንካት አለበት፦ የሲሊንደሩን ቫልቭ፣ በመስመሩ ላይ ያለውን መዝጊያ እና ዋናውን የመብራት ብሬከር። በጣት ማመልከት አይበቃም።

ብሬከሩ ላይ ሲደርሱ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ይወጣል። "መብራት ከየት ነው የምታጠፉት?" ሲባል አብዛኛው ሠራተኛ የሚያሳየው ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ማቀዝቀዣው አጠገብ ያለችውን ሣጥን ነው። ጋዝ ባፈተለከበት ክፍል ውስጥ ያለ ብሬከር ግን አይነካም። ማጥፋትም እንደ ማብራት ብልጭታ ይፈጥራል። የሚነካው ከክፍሉ ውጭ ያለው፣ ብዙ ጊዜም ቆጣሪው አጠገብ የሚገኘው ነው። አሠልጣኞቹ በውስጠኛው ሣጥን ላይ ቀይ፣ በውጭኛው ላይ አረንጓዴ ተለጣፊ ይለጥፋሉ። ቀላል ነገር ይመስላል፤ በጨነቀ ሰዓት ግን ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ቀለም ላይ ነው። ማቀዝቀዣው ራሱ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ብልጭ የሚል ዕቃ ነው፤ ማንም ሳይነካው ሊለኩስ ይችላል። ይህንንም በግልጽ ይናገራሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው የአሸንዳው ማሳያ ነው፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ሥልጠናውን መውሰድ ያዋጣል። ግቢ ውስጥ፣ አየር በማይነፍስበት ጥግ፣ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን የቆርቆሮ አሸንዳ በሰያፍ ያቆማሉ። ከታችኛው ጫፍ ሻማ ይበራል። አሠልጣኙ መነጽርና ጓንት አድርጎ፣ የእሳት ማጥፊያ አጠገቡ አስቀምጦ፣ ከላይተር መሙያ ትንሽ ጋዝ ወደ ባዶ ጣሳ ይለቅና ጣሳውን እንደ ውሃ ከላይ ያዘነብለዋል። የሚታይ ነገር የለም። ጣሳው ባዶ ይመስላል፤ አሸንዳውም ባዶ ነው። ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ሻማው ዘንድ "ፍፍ" ይልና ሰማያዊ እሳት አሸንዳውን ሽቅብ ሮጦ ጣሳው አፍ ላይ ይደርሳል። "ቡታጋዝ ከአየር ይከብዳል" የሚለው ዓረፍተ ነገር በወረቀት ላይ ሲነበብ ያልፋል፤ እሳቱ ወደ መጣበት ሲመለስ ያየ ሰው ግን አይረሳውም። ይህ በሠለጠነ ሰው እጅ የሚደረግ ማሳያ ነው፤ ሠራተኞች በራሳቸው እንዲሞክሩት አይገባም።

ከዚህ የሚከተለው ትምህርት ትክክል ነው። ቡታጋዝ የሁለት ጋዞች ቅልቅል ነው፤ ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ፣ ቡቴን ሁለት ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ ሁለቱም መሬት ለመሬት ይሄዳሉ፣ ወለል ላይ ባለው የውሃ መውረጃ ይገባሉ፣ ምድር ቤት ካለ ወደዚያ ይወርዳሉ። ከፍ ያለ መስኮት መክፈት ብቻ የማይበቃው ለዚህ ነው፤ ጋዙ የሚወጣው በበር ሥር ነው። ሲሊንደር ከውሃ መውረጃ ጉድጓድ ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ የሚባለውም ለዚሁ ነው።

መጠኑ ላይ ግን አሠልጣኞቹ "ትንሽ ጋዝ ይበቃል" ብለው ያልፋሉ፤ ስሌቱን ቢሠሩት ሰው ይበልጥ ይደነግጥ ነበር። እንሥራው። 3 በ3 ሜትር ወለልና 2.5 ሜትር ከፍታ ያለው ወጥ ቤት 22.5 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ቡታጋዝ የሚቀጣጠለው በአየሩ ውስጥ ከ2 በመቶ ገደማ ጀምሮ እስከ 9 በመቶ ገደማ ሲሆን ነው። የ22.5 ሜትር ኩብ 2 በመቶ 450 ሊትር ነው። አንድ ኪሎ ቡታጋዝ በባሕር ወለል ላይ ወደ ጋዝነት ሲለወጥ ከ400 እስከ 530 ሊትር ይሆናል። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ያው አንድ ኪሎ ሲሶ ያህል የበለጠ ቦታ ይይዛል። እንግዲህ 12.5 ኪሎ ከያዘው ሲሊንደር አንድ ኪሎ እንኳ ሳይሞላ የወጣ ጋዝ ያንን ክፍል በሙሉ ለፍንዳታ ያደርሰዋል ማለት ነው። ጋዙ ከወለሉ ተኝቶ ስለሚቆይ ደግሞ ክፍሉ በሙሉ እስኪሞላ አይጠብቅም፤ ጉልበት ድረስ ያለው አየር ቀድሞ ይደርሳል። አሠልጣኞቹ ይህን ስሌት በሚሠለጥነው ወጥ ቤት ልክ፣ በሜትር ለክተው፣ በሰሌዳ ላይ ቢሠሩት እንመክራለን። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የሽታው ትምህርት ጥሩ ነው። ቡታጋዝ በተፈጥሮው አይሸትም፤ የተበላሸ እንቁላል የሚመስለው ሽታ ሆን ተብሎ የሚጨመርበት ኬሚካል ነው። መጠኑም ጋዙ ለመቀጣጠል ከሚያስፈልገው አንድ አምስተኛ ላይ ሲደርስ አፍንጫ እንዲያውቀው ተደርጎ ነው የሚጨመረው። ሲፋቅ የሚሸት ካርድ ለሁሉም ያድላሉ። ከዚያ ያንኑ ካርድ ሽንኩርት በሚቁላላበትና በርበሬ በሚታመስበት ምድጃ አጠገብ ያሸትቷቸዋል። ብዙዎች አይለዩትም። ጉንፋን የያዘው ሰው ጨርሶ አይሸተውም። አፍንጫም ይለምዳል፤ አንድ ሰዓት እዚያው የቆየ ሰው "ሽታው ጠፋ" ሊል ይችላል፣ ጋዙ ግን እዚያው ነው። ከውጭ የገባ አስተናጋጅ "ጋዝ ይሸታል" ካለ የውስጡ ሰው አይከራከረው የሚል ደንብ ያወጣሉ። ወጥ ቤት ውስጥ የሼፉ ቃል የመጨረሻ በሆነበት ልማድ ይህ ደንብ በግልጽ መነገሩ ተገቢ ነው።

ከ4:00 እስከ 6:00 የሚካሄደው የማፍተለክ ልምምድ የሥልጠናው እምብርት ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ሽታውን ያወቀው ሰው "ጋዝ!" ብሎ ይጮኻል። ማንም ማብሪያ አይነካም፣ ለማብራትም ለማጥፋትም። ለቫልቩ ቅርብ የሆነው ሰው፣ ጋዙ ውስጥ ሳያልፍ መድረስ ከቻለ ብቻ፣ ይዘጋል። መድረስ ካልቻለ ትቶ ይወጣል። ሌሎቹ በሮችን በርግደው እየከፈቱ ይወጣሉ፤ የተከፈተው በር አይዘጋም። ስልክ ውስጥ ሆኖ አይደወልም። መብራት ከውጭ ይቆረጣል። ከዚያ ቆጠራ፦ ማን ወጣ፣ ማን ቀረ? ግቡ ከጩኸቱ እስከ ቫልቩ መዘጋት 20 ሴኮንድ ነው፤ በሰዓት ይለካል፤ አራት ጊዜ ይደገማል፤ በእያንዳንዱ ዙር ሌላ ሰው ነው የሚዘጋው።

እጅ የሚሠለጥነው እዚህ ላይ ነው። ባዶ ሲሊንደር አምጥተው ሠልጣኙን ዓይኑን በጨርቅ ሸፍነው፣ እርጥብ ጓንት አልብሰው፣ ቫልቩን ዳስሶ አግኝቶ እንዲዘጋ ያደርጉታል። የጥበቃ ሠራተኛው ተራ ሲደርስ አንዱ አሠልጣኝ ይጠይቃል፦

"ጋሼ፣ ወዴት ሲዞር ነው የሚዘጋው?"

ሰውየው እጃቸውን አየር ላይ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ያዞራሉ። "እንደ ውሃ ቧንቧ ነው?"

"አዎ ጋሼ፣ ልክ እንደ ውሃ ቧንቧ። ወደ ቀኝ።"

የቧንቧው ንጽጽር ከማንኛውም ሥዕል ይበልጣል፤ ሌሎቹም ከዚያ በኋላ "እንደ ቧንቧው" እያሉ ነው የሚዘጉት። መዞሪያ የሌለው፣ የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው ሬጉሌተር ከላይ ተጭኖ "ቀጭ" ብሎ የሚገባበት ዓይነት ሲሊንደር ካለ ደግሞ የሚዘጋው በሬጉሌተሩ ላይ ባለው መዝጊያ ነው። ሁለቱንም ያሳያሉ። በፒንሳ አጥብቆ መዝጋትን ይከለክላሉ፣ ትክክልም ናቸው፤ ውስጥ ያለው ላስቲክ ይጎዳና በሚቀጥለው ጊዜ ጨርሶ አልዘጋ ይላል።

የሳሙና ፍተሻውን ለየት አድርገን ማንሣት እንፈልጋለን፤ በየቀኑ የሚጠቅመው እሱ ነው። አንድ እጅ ፈሳሽ ሳሙና ለሁለት እጅ ውሃ ይበጠበጣል። በረኪና ወይም አሞኒያ ያለበት ማጽጃ አይሆንም፤ ነሐሱን ይበላዋል። ምድጃው ተዘግቶ ሲሊንደሩ ይከፈታል፤ ከዚያ በብሩሽ አምስት ቦታ ይቀባል፦ የቫልቩ አንገት፣ ቫልቩና ሬጉሌተሩ የሚገናኙበት፣ የጎማው ሁለት ጫፎች፣ የጎማው መታጠፊያ፣ የምድጃው መክፈቻዎች ሥር። አረፋው ዝም ብሎ ከተኛ ደህና ነው። አንዲት የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል አረፋ ወጥታ፣ አድጋ፣ ፈንድታ፣ በቦታዋ ሌላ ከተተካች ጋዝ አለ። ትንሽ ሲፈስ አረፋው ቀስ እያለ ስለሚያድግ 10 ሴኮንድ ያህል ማየት ያስፈልጋል፤ ቀብቶ ዘወር ማለት ዋጋ የለውም። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው አሁንም አለ። እሱን ዛሬውኑ ማስቆም ይገባል።

አረፋ የሚወጣው በአብዛኛው ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ሬጉሌተሩ ውስጥ ያለችው የላስቲክ ቀለበት ደርቃ ተሰንጥቃ ወይም ሲሊንደር ሲቀየር ወድቃ ቀርታ ነው። ሁለተኛው የጎማው ጫፍ፦ ፋሸታ (ጎማ የሚያጠብቀው የብረት ቀለበት) በሌለበት በሽቦ ይታሰራል፤ ሽቦው ጎማውን ይቆርጠዋል። ፋሸታም ቢሆን በካቻቢቴ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ላስቲኩ በቀዳዳዎቹ ተጨፍልቆ ይወጣል፤ ያ ጎማ ከጥቂት ወር በኋላ ከዚያው ላይ ይሰነጠቃል። አሠልጣኞቹ የተቆረጡ አሮጌ ጎማዎች በከረጢት ይዘው ይመጣሉ፦ አይጥ የበላው፣ ከምድጃው በታች አልፎ የተጠበሰ፣ የውሃ ጎማ ሆኖ ለጋዝ የዋለ። እነሱን እያገላበጡ ማየት ከአንድ ሰዓት ንግግር ይሻላል።

የሲሊንደር ቅያሬ ላይ ያላቸው ጊዜ ግን አጭር ነው፤ 20 ደቂቃ ብቻ። ይህን እንቃወማለን። የምሳ ሰዓት ላይ ትእዛዝ ተደርድሮ እሳቱ ሲደክም ነው ሰው የሚሳሳተው። ዕቃ አጣቢው ይጠራል፣ ሌላኛው ምድጃ እየነደደ ሲሊንደሩ ይፈታል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል፦ በክፍሉ ያለ እሳት ሁሉ ይጠፋል፣ ከሰል ጭምር፤ የሚፈታው ሲሊንደር ይዘጋል፤ አዲሱ መዘጋቱ ይረጋገጣል፤ ቀለበቷ ትታያለች፤ ይገጠማል፤ በሳሙና ይፈተሻል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ እሳት ይለኮሳል።

ከሁሉ የከፋው ልማድ ግን ጋዙ ሊያልቅ ሲል ሲሊንደሩን ማጋደም ወይም ፍል ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው። ሥልጠናው "አታድርጉ" ይላል፣ ለምን እንደሆነ ግን አይነግርም። ምክንያቱ ይህ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው፤ እኛ የምናነደው ከላዩ የሚተንነውን ነው። ሲጋደም ፈሳሹ ራሱ ወደ ሬጉሌተሩ ይገባል፤ አንድ ሊትር ፈሳሽ ወደ 250 ሊትር ጋዝ ይሆናል፤ ምድጃው ላይ በዚያ መጠን ሲወጣ እሳቱ ከድስቱ በላይ ይዘልላል። በክረምት ጠዋት እሳቱ የሚደክመው ብዙ ጊዜ ጋዙ ስላለቀ አይደለም፤ ቡቴን ወደ ዜሮ ዲግሪ ገደማ ሲቀዘቅዝ መትነን ያቆማል፣ ብዙ ምድጃ አንድ ላይ ሲነድ ደግሞ ሲሊንደሩ ራሱን እያቀዘቀዘ ይሄዳል። ሲሊንደሩ ላይ ጤዛ ወይም በረዶ ካየን መፍትሔው ሁለት ሲሊንደር አጣምሮ ማሰር ወይም ትልቅ መቀየር ነው። ይህን የተረዳ ሼፍ ፍል ውሃ አያፈላም።

ወደ ከሰዓቱ እንምጣ። ግቢ ውስጥ በግማሽ የተቆረጠ በርሜል ይቀመጣል፣ ናፍጣ ይፈስበታል፣ ይለኮሳል፤ እያንዳንዱ ሠልጣኝ 6 ኪሎ የዱቄት ማጥፊያ ይዞ ቀለበቱን ይነቅላል፣ አፈሙዙን ወደ እሳቱ ሥር ያነጣጥራል፣ እጀታውን ይጨብጣል፣ ግራና ቀኝ ይጠርጋል። ሰው ይደሰታል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ያጨበጭባል። ማጥፊያ ይዞ የማያውቅ ሰው መያዙ በራሱ ጥቅም አለው፤ ያ ሁሉ ዱቄት ከ15 እስከ 20 ሴኮንድ ውስጥ እንደሚያልቅም በገዛ እጁ ያያል።

ችግሩ እጁ የተማረው ነገር ነው፤ እሳት አየህ፣ አጥፋ። ለናፍጣ ትክክል ነው። ለጋዝ ስሕተት ነው። ከጎማ ወይም ከቫልቭ ላይ የሚነድ ጋዝ በዱቄት ቢጠፋ ጋዙ መውጣቱን አያቆምም፤ አሁን ሳይነድ ይከማቻል፣ የጋለ ብረት ወይም ሌላ ምድጃ እስኪያገኝ። ያን ጊዜ የሚነደው ጎማው ሳይሆን ክፍሉ ነው። የጋዝ እሳት የሚጠፋው ጋዙን በመዝጋት ነው። መዝጋት ካልተቻለ ይንደድ፤ ሰው ይውጣ፤ ከሩቅ ውሃ ማርከፍከፍ የሚቻል ከሆነ ደግሞ በአጠገቡ ያሉት ሲሊንደሮች ይቀዝቅዙ። አሠልጣኞቹ ይህን ያውቃሉ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገርም ይናገሩታል። ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ከ15 ሰው ጭብጨባ ጋር አይወዳደርም። በጨነቀ ሰዓት የሚመጣው እጅ የሠራው ነው።

ማስተካከያው ውድ አይደለም። በበርሜሉ ፋንታ ቀዳዳ ያለው የብረት ቧንቧ፣ ረጅም ጎማና ሁለት መዝጊያ ይበቃል፤ አንዱ መዝጊያ ሠልጣኙ የሚደርስበት፣ ሁለተኛው አሠልጣኙ እጅ ላይ። ሠልጣኙ መዝጊያውን ሳይዘጋ እሳቱን በዱቄት ቢያጠፋው አሠልጣኙ ወዲያው የራሱን ዘግቶ "አሁን ክፍሉ በጋዝ ሞልቷል" ይለዋል፤ ወድቋል ማለት ነው። ዘግቶ ያጠፋ ያልፋል። በዚህ መልኩ ከሰዓቱ ጠዋቱን ይደግመው ነበር። ከአሠልጣኞቹ አንዱ አንዲት የወጥ ቤት ሠራተኛን "እትዬ፣ እሳቱ ቫልቩ ጋ ነው ወይስ ጎማው ጋ?" ብሎ ሲጠይቅ ሰምተናል፤ ትክክለኛው ጥያቄ ያ ነበር። እሳቱ ከጎማው ጫፍ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ እጅ ጠቅልሎ ቫልቩ ይደረስበታል። ነበልባሉ ቫልቩን ራሱን እየላሰ ከሆነ አይደረስበትም። ልምምዱ ግን ይህን ሁለት ዓይነት እሳት አያሳይም።

እርጥብ ጆንያ ነገር በየወጥ ቤቱ ስለሚነሣ አንድ ቃል እንበል። እርጥብ ጆንያ ወደ ቫልቩ ለመቅረብ እጅና ፊት ይከልላል። ጆንያውን ጥሎ፣ እሳቱ ጠፋ ብሎ፣ ቫልቩን ሳይዘጉ መሄድ ግን ከላይ ያልነው ያው ስሕተት ነው። ሲሊንደሩ ራሱ በሌላ እሳት ከተከበበ፣ በላይ በኩል ያለው መተንፈሻ ማፏጨት ከጀመረና ድምፁ እየጨመረ ከሄደ የሚደረግ ነገር የለም፤ አይጎተትም፣ አይነካም፤ ግቢው ይለቀቃል።

የዘይት እሳት ክፍሉ ደህና ነው፤ ምድጃውን መዝጋት፣ ክዳን ወይም የእሳት ብርድ ልብስ መድፋት፣ ውሃ ጨርሶ አለመርጨት፣ እስኪበርድ አለመክፈት። ቶሎ ከተከፈተ ዘይቱ በራሱ ሙቀት ዳግም ይነሣል። የቃጠሎ እርዳታውም አጭርና ትክክል ነው፦ 20 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ማቀዝቀዝ፤ ቅቤ የለም፣ የጥርስ ሳሙና የለም፣ እንቁላል የለም፤ ገላ ላይ የተጣበቀ ልብስ አይላጥም።

በጣም ደካማው ክፍል ከሰል ነው። "አየር አስገቡ" ተብሎ በ10 ደቂቃ ያልቃል። ምግብ ቤት ውስጥ ግን የሸክላ ጥብሱ ከነከሰሉ ጠረጴዛ ላይ ይመጣል፣ የቡናው ምድጃ ጥግ ላይ ይነድዳል፣ ክረምት ሲሆን መስኮቱ ይዘጋል፤ ማታ ደግሞ ስቶር ውስጥ የሚያድር ሠራተኛ የተረፈውን ፍም ለሙቀት ይዞ ይገባል። ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አይሸትም፣ አይታይም፤ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ከደም ጋር ይጣበቃል። በአየር ውስጥ ከሚሊዮን 200 እጅ ሲሆን በሁለት ሦስት ሰዓት ራስ ያማል፤ 800 ሲሆን በ45 ደቂቃ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ 1,600 ሲደርስ ምልክቱ በ20 ደቂቃ ይጀምርና በአንድ ሰዓት ውስጥ ይገድላል። መለያው ይህ ነው፦ በአንድ ክፍል ያሉ ሁለት ሦስት ሰዎች አብረው ራሳቸውን ካመማቸውና ወጣ ሲሉ ከቀለላቸው ከሰሉ ነው። ወተት አያድንም፤ መርዙ ያለው ደም ውስጥ እንጂ ሆድ ውስጥ አይደለም። ንጹሕ አየር፣ ሐኪም ቤት፣ ኦክስጅን። ጣት ላይ የሚደረገው ኦክስጅን መለኪያ ደህና ቁጥር ሊያሳይ ስለሚችል ለሐኪሙ "ከሰል የነደደበት ክፍል ውስጥ ነበረ" ተብሎ በቃል መነገር አለበት። ይህ ሁሉ በሥልጠናው ውስጥ የለም፤ መግባት ይኖርበታል።

በመጨረሻው ሰዓት የጋዝ ማስጠንቀቂያ ደወል ያሳያሉ፣ ለሚፈልግም ይሸጣሉ። የሚሠለጥነው ሰው የመግዛት ግዴታ የለበትም፤ ይህም በግልጽ ይነገረዋል። የአሰቃቀሉ ትምህርት ትክክል ነው፤ የቡታጋዙ ደወል ከወለል 30 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ከፍታ፣ የካርቦን ሞኖክሳይዱ ሰው በሚተነፍስበት ቁመት። ያልተነገረው፦ መሞከሪያው ቁልፍ ሲጫን የሚጮኸው ድምፁንና ኤሌክትሪኩን እንጂ ጋዝ ማሽተቱን አያረጋግጥም፤ አብዛኛው ማሽተቻ ከ5 ዓመት ገደማ በኋላ ይደክማል፤ ወለል ሲታጠብ የሚረጭ ውሃ ያበላሸዋል፤ የአልኮል ተንና የሚረጭ ሽቶ በሐሰት ያስጮኸዋል። በሐሰት ሁለት ሦስቴ የጮኸ ደወል ደግሞ በአራተኛው ቀን ገመዱ ይነቀላል።

የወረቀቱን ጉዳይ በአጭሩ። ለሠልጣኞች ሰርተፍኬት ይሰጣል፤ ፈተናው ግን በጽሑፍ ብቻ ነው፣ የእጅ ፈተና የለም። አሠሪ ሠራተኞቹ ሥራው ስላለው አደጋ ተገቢውን መመሪያ እንዲያገኙ የማድረግ ግዴታ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 ተጥሎበታል፤ ስለዚህ የተሣታፊዎች ስም፣ ቀንና ፊርማ ያለበት ዝርዝር ከሰርተፍኬቱ ይልቅ ይጠቅማል፣ ጠይቃችሁ ውሰዱ። የሚታደለው ጽሑፍ አራት ገጽ ጥቅጥቅ ያለ አማርኛ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ወላይትኛ፣ ጉራጊኛ አፋቸውን የፈቱበት ሠራተኞች ብዙ ናቸው፤ አንድ ገጽ ሥዕል ይበልጥ ይሠራል።

የስልክ ልምምዱ ከተለመደው የተሻለ ነው። 939 የእሳትና ድንገተኛ አደጋ፣ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፤ ሁለቱም በቃል ይጠናሉ። ከዚያ ሠልጣኙ ከግቢ ውጭ ቆሞ እንደሚደውል ሆኖ ይናገራል፦ ምን እንደሆነ፣ ስንት ሲሊንደር እንዳለ፣ ውስጥ ሰው መቅረቱን አለመቅረቱን፣ ቦታውን። ቦታው ላይ ሰው ይጠፋል። "ቦሌ ነን" አይበቃም፤ ከየትኛው አደባባይ ወይም ቤተ ክርስቲያን፣ በየት በኩል፣ ምን ከሚባል ሕንፃ ጀርባ መሆኑ ይነገራል፣ አንድ ሰውም አስፋልቱ ላይ ቆሞ መኪናውን እንደሚቀበል። ይህን ዓረፍተ ነገር ለቤታችሁ ልክ አዘጋጅተው፣ በትልቁ ጽፈው፣ ውጭ በር ላይ ይለጥፉላችኋል።

ሥልጠናውን ለምታስይዙ ሁለት ነገር ቀድማችሁ ተስማሙ። የበርሜሉ ልምምድ በጋዝ ቧንቧ እንዲተካ ጠይቁ፤ ካልተቻለ ያንን ሰዓት ለሲሊንደር ቅያሬና ለከሰል እንዲያውሉት አድርጉ። ሁለተኛ፣ ከ15ቱ ቦታ ሁለቱን ለጥበቃና ለዕቃ አጣቢ ያዙ። ባለቤቶች ብዙ ጊዜ የሚልኩት ሼፎችንና ሱፐርቫይዘሮችን ነው፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ግቢ ውስጥ ያለው ግን ጥበቃው ነው፣ ሲሊንደር የሚቀይረውም ዕቃ አጣቢው ነው።

ከ6 ወር በኋላ ለሚደረገው ድንገተኛ ልምምድ አሠልጣኙ ሲመጣ ወደ ወጥ ቤት አይገባም። በሩ ላይ ቆሞ ያቺን የምትፋቅ ካርድ ለጥበቃው ያሸትታቸውና ሰዓቱን ይጫናል።